የደም ግፊት ላለበት ሰው፦ ኢንሱሊን ልብን እንዴት እንደሚነካና ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ እንደሚቻል

አንዲት የ52 ዓመት እናት የኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ክትትል ክፍላችን መጡ። «ልብዎ ደህና ነው ብለውኛል፤ ታዲያ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ለምን ትንፋሽ ያጥረኛል?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ኢኤፍ (EF)፣ ማለትም ልብ በአንድ ምት የሚገፋው የደም ድርሻ፣ 65 በመቶ ይላል። እውነትም ጥሩ ቁጥር ነው። ከሱ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ግን የግራው የልብ ግድግዳ 13 ሚሊ ሜትር መድረሱና የግራው ኤትሪየም (የላይኛው የግራ የልብ ክፍል) መስፋቱ ተጽፏል። ግፊታቸው 148/92፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የተለካው ስኳር 108፣ ወገባቸው 102 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለ ስኳሩ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን ስኳር በሽታ አይደለም» ተብለው ነበር። ወገባቸውን ግን ማንም ለክቷቸው አያውቅም።

ግፊቱን አንዱ፣ ስኳሩን ሌላው፣ ኢኮውን ደግሞ ሦስተኛው ባለሙያ ስለሚያይ ነገሩ ተበታትኖ ይቀራል። አንድ ላይ ሲነበብ ግን የአንድ በሽታ የተለያየ ፊት ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ግፊት ያለበት ሰው ወረቀቶቹን ራሱ አገጣጥሞ እንዲያነብና ሐኪሙን የሚጠይቀውን እንዲያውቅ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር ጡንቻ፣ ጉበትና ስብ እንዲቀበሉት ያዛል። አንዳንድ ሰው ላይ እነዚህ አካላት ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ። ያኔ ቆሽት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ስኳሩ ለዓመታት ልክ ሆኖ ኢንሱሊኑ ብቻ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች ይህንን ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ይሉታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሁሉም አካል እኩል አይደነቁርም። ጡንቻ ጆሮውን ሲደፍን ኩላሊት ግን ይሰማል። ኢንሱሊን ኩላሊትን «ጨው አታስወጣ» ይላል፤ ኩላሊትም ይታዘዛል። ጨውና ውኃ ሲጠራቀም ግፊት ይጨምራል። ኢንሱሊን ልብን የሚያስሮጡትንና የደም ሥርን የሚያጠብቡትን ነርቮችም ያነቃቃል። በጤናማ ሰው ላይ ኢንሱሊን የደም ሥርን የማስፋት ሥራም አለው። መጀመሪያ የሚደክመው ይህ ጥሩ ሥራው ሲሆን፣ የማጥበቡና ሥጋን የማሳደጉ ሥራ ግን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ፌራኒኒ የተባሉ ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ግፊት ያለባቸውን ነገር ግን ያልወፈሩና ስኳራቸው ልክ የሆነ ወጣቶችን መረመሩ። ጡንቻቸው ኢንሱሊንን በደንብ አይሰማም ነበር። በዓመቱ አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን ግፊትን፣ የደም ቅባት መዛባትንና ኢንሱሊንን በአንድ ገመድ አስረው «ሲንድሮም ኤክስ» አሉት። ዛሬ ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚባለው ነው። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» ማለት አያዋጣም። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር ማለት ይቻላል። ኑሮና ምግብ ሲለወጥ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ፤ ያውም ሰውነታቸው ሌሎች ሕመምተኞች የሚደርሱበት ውፍረት ላይ ሳይደርስ።

ልብ ላይስ ምን ይሆናል? ግፊቱ ለልብ እንደ ሸክም ነው፤ ግድግዳው ሸክሙን ለመቋቋም ይወፍራል። ኢንሱሊን ራሱ ሥጋ የሚያሳድግ ሆርሞን በመሆኑ ያንን ያግዛል። ኢንሱሊንን የማይሰማ ልብ ደግሞ ስኳርን ትቶ ስብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስብ ደግሞ ለተመሳሳይ ጉልበት የበለጠ ኦክስጅን ይጠይቃል። ልብ ለመጨመቅ ብቻ ጉልበት የሚፈልግ ይመስለናል፤ ለመላላትም ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚበላሸው መላላቱ ነው። የወፈረና የደረቀ ልብ በደንብ ይጨምቃል፣ ግን በደንብ አይሞላም። ኢኤፍ የሚለካው ከሞላው ደም ስንት በመቶው እንደተገፋ ነው። ሙሌቱ ስለመቸገሩ አይናገርም። የእኚያ እናት ትንፋሽ ያጠረው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል መለካት

ክሊኒክ ውስጥ ተሯሩጠው ደርሰው የተለካ አንድ ቁጥር ላይ ሕክምና አይገነባም። ከተቻለ ክንድ ላይ የሚጠመጠም መለኪያ ይኑራችሁ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሠረው በቀላሉ ይሳሳታል። ክንዳችሁ ወፍራም ከሆነ ሰፊውን ጨርቅ ጠይቁ፤ ጠባቡ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ከመለካታችሁ 30 ደቂቃ በፊት ቡና፣ ሲጋራና ሩጫ አይኑር። ሽንት ቤት ሂዱ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልባችሁ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይህንኑ አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀሩትን አማካይ አውጡ። የቤት አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ፤ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ አልተቆጣጠረም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ወገብን መለካት

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ልብስ ሳይኖር፣ አየር አስወጥታችሁ ሳትጨምቁ ለኩ። የሱሪ ቁጥር አይሠራም፤ ብዙ ወንድ ቀበቶውን ከቦርጩ በታች ነው የሚታጠቀው። ለአፍሪካውያን እስካሁን የሚሠራበት ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሜትር ከሌለ በቁመታችሁ ልክ ገመድ ቁረጡና ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ገመድ ወገባችሁን ካልዞረ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ አለ ብላችሁ አስቡ። ጉበትንና ጡንቻን የሚያደነቁረው በተለይ ይህ የውስጥ ስብ ነው፤ ዳሌና ጭን ላይ ያለው እንደሱ አይከፋም።

ደረጃ 3፦ የደም ምርመራውን ማንበብ

ከእራት በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ ጠዋት ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ) እና ፖታሲየም አሠሩ። ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ካለም ጨምሩ፤ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን ያሳያል። ጠዋት የተለካው ስኳር ከ100 እስከ 125፣ ወይም ኤዋንሲው ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ቅድመ ስኳር ነው። 126 ወይም 6.5 ሲደርስ፣ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ስኳር በሽታ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የሚሠራ ሐኪም ግን ቅድመ ስኳርን ከ110 ይጀምራል፤ ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢላችሁ አትገረሙ።

ቅባቱ ላይ ትራይግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ማለትም ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች መሆኑን እዩ። ከወገብ፣ ከትራይግሊሰራይድ፣ ከኤችዲኤል፣ ከግፊትና ከጠዋት ስኳር ሦስቱ ከተዛቡ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ትራይግሊሰራይድን ለኤችዲኤል እያካፈሉ «ከ3 በታች ከሆነ ሰላም ነው» የሚሉ አሉ። ጥቁር ሕዝቦች ላይ ኢንሱሊን እየደነቆረም ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ብሎ ሊቀር ስለሚችል በዚህ ስሌት አትታለሉ።

ኢንሱሊንን ራሱን መለካት የሚችል ላቦራቶሪ ጋ ከደረሳችሁ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጠዋት ስኳርን በጠዋት ኢንሱሊን አባዙና ለ405 አካፍሉ። ስኳር 98፣ ኢንሱሊን 16 ቢሆን 1568 ለ405፣ ማለትም 3.9 ገደማ። ብዙ ሐኪሞች ከ2.5 በላይን እንደ ሬዚስታንስ ያዩታል። እውነቱን ለመናገር ግን ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ለዚህ ምርመራ አታውጡት። ሜትሩና የቅባት ምርመራው የሚነግሯችሁ ለሕክምናው ይበቃል፤ ያንን ብር ለኢኮ አቆዩት።

ደረጃ 4፦ የኢሲጂና የኢኮ ወረቀት

ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ርካሽ ነው፣ በየዓመቱ ቢነሣ ጥሩ ነው። የልብ መወፈርን ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ «ኢሲጂው ልክ ነው» ማለት ልቡ አልወፈረም ማለት አይደለም። ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ እግራችሁ የሚያብጥ፣ ግፊታችሁ ለዓመታት ያልተቆጣጠረ ወይም ኢሲጂው የተለወጠ ከሆነ ኢኮ ጠይቁ።

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከኢኤፍ በታች ውረዱ። ኢኤፍ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጨመቁ ደህና ነው። ቀጥሎ የግድግዳውን ውፍረት እዩ፦ ለሴት እስከ 9፣ ለወንድ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ልክ ነው። የልብ ክብደት ለሰውነት ስፋት ተካፍሎ ከተጻፈ ለሴት ከ95፣ ለወንድ ከ115 ግራም በላይ ወፍሯል ማለት ነው። ከዚያ የግራው ኤትሪየም ይምጣ። መጠኑ ለሰውነት ስፋት ሲካፈል ከ34 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሰፍቷል። እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው፤ የተለካባት ዕለት ብቻ ሳይሆን የወራትና የዓመታት ጫና ስለሚታይበት።

በመጨረሻ የመላላቱ ልኬት አለ። ኢ እና ኤ (E፣ A) በሚባሉ ሁለት ፊደላት፣ እንዲሁም ኢ ለትንሿ ኢ ተካፍሎ (E/e′) ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው አማካይ ከ8 በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከ14 በላይ ከሆነ ልብ ውስጥ ያለው የመሙያ ግፊት ጨምሯል። መሀል ላይ ያለው ለብቻው አይናገርም። «ግሬድ 1 ዳያስቶሊክ ዲስፈንክሽን»፣ ማለትም ቀላል የመላላት ችግር፣ የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ የተለመደ ነው። በ40 ዓመት ሰው ላይ፣ ወፍራም ግድግዳና ሰፊ ኤትሪየም አብረውት ሲታዩ ግን ሌላ ነገር ነው። የመላላት ልኬት ጭራሽ ያልተጻፈበት ወረቀት ከደረሳችሁ፣ በትሕትና «መሙላቱስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ

ከዚህ ክፍል አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የምጽፈው ከሐኪማችሁ ጋር እንድትነጋገሩበት ነው።

ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የወፈረ ልብን ለማሳነስ ጥሩ ናቸው፤ ስኳርንም አያበላሹም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ በጥቁር ሰው ላይ የከንፈርና የምላስ እብጠትም ይበዛል፣ ሲከሰት የድንገተኛ ነው። ሁለቱም በእርግዝና አይወሰዱም። አምሎዲፒን ስኳር ላይ ጉዳት የለውም፤ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ስለሚችል ግን ከልብ ድካም እብጠት ጋር ይምታታል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአነስተኛ መጠን፣ ማለትም 12.5 ወይም 25 ሚሊ ግራም፣ ጠቃሚ ነው። መጠኑ ሲጨምርና ፖታሲየም ሲወርድ ስኳር ይጨምራል። አቴኖሎል ኢንሱሊንን መስማትን ይቀንሳል፤ የልብ ምት መዛባት የመሰለ የተለየ ምክንያት ከሌለ «ለኔ ለምን ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክሪዮል የተባለ ጥናት፣ ጥቁር አፍሪካውያን ላይ አምሎዲፒን ያለበት ጥንድ መድኃኒት፣ አጋሩ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ይሁን ፔሪንዶፕሪል፣ ያለ እሱ ከተሰጠው ጥንድ የተሻለ ግፊት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኢናላፕሪል ብቻውን ተሰጥቷችሁ ግፊቱ አልወርድ ካለ ይህን አስታውሱ።

የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ኩላሊት ደህና ከሆነ ቅድመ ስኳር ላለበት ሰው ሊታሰብ ይችላል። ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ደግሞ ስኳር በሽታ ባይኖርም እንኳ የልብ ድካም ላለበት፣ ኢኤፉ ልክ ለሆነውም ጭምር፣ ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንሱ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በወጡ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። ዋጋቸው ለብዙ ሰው ከባድ ነው። የሚወስዳቸው ሰው ረጅም ጾም ሲይዝ ወይም ሲያስመልሰው ለጊዜው ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ፒዮግሊታዞን ኢንሱሊንን ያሰማል፣ ግን ውኃ ስለሚያጠራቅም የልብ ድካም ላለበት አይሆንም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ያለ ማዘዣ የሚገዛው ነው። ለወገብ ሕመም በየቀኑ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊት ያነሣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ግፊታቸው «በሦስት መድኃኒት አልወርድ ያለ» ሰዎች ቦርሳ ውስጥ ዳይክሎፌናክ ያገኘሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ደረጃ 6፦ ገበታው

ጨው በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ። ማንኪያ ቆጥሮ ወጥ የሚሠራ ግን የለም። ስለዚህ ከረጢቱን ቁጠሩ፦ አራት ሰው ባለበት ቤት በቀን 20 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 50 ቀን መቆየት አለበት። ዳቦውና ውጭ የሚበላው የራሳቸው ጨው ስላላቸው ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻላል። ሚጥሚጣና አዋዜ ውስጥ ያለውን ጨውም አትርሱ። ውጭ አገር ያላችሁ «ሶዲየም የሌለው ጨው» ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ አብዛኛው ፖታሲየም ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

እንጀራን ተዉ አልልም። ቅደም ተከተሉን ግን ለውጡ፤ መጀመሪያ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ምስሩን፣ ከዚያ እንጀራውን። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ከምግብ በኋላ ያለው የስኳር ዝላይ ይቀንሳል። ትሪውን ተካፍሎ መብላት ደስ ይላል፣ ግን ስንት እንደበላችሁ አይታወቅም፤ ድርሻችሁን ቀድማችሁ ቁረጡ። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ለደነቆረ ጡንቻ ሦስት ጩኸት ነው።

ቡናው ላይ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር 24 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ከተፈላ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም አካባቢ ነው። ጾም በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ሽሮና ምስር ለዚህ ሕመም ጥሩ ምግብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጾሙ በሳምቡሳ፣ በድንችና በለስላሳ ሲፈታ ነው። ግሊበንክላማይድ (ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን የቤተ ክርስቲያን ጾምም ሆነ ረመዳን ሳይል ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር መጠኑን ያስተካክል።

ደረጃ 7፦ ጡንቻን መቀስቀስ

ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን ስኳር ይቀበላል። አንድ ጊዜ የተደረገ እንቅስቃሴ የመስማት ችሎታውን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሻሽላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ እሑድ ብቻ ሁለት ሰዓት ኳስ መጫወት አይበቃም፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ አይዝለል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያዙ። እያወራችሁ መሄድ ብትችሉም መዝፈን የማያስችል ፍጥነት በቂ ነው። ከምሳና ከእራት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ በተለይ ይጠቅማል። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር እጅ ሳትጠቀሙ 10 ጊዜ ተነሥታችሁ ተቀመጡ፤ ሦስት ዙር።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣው የስኳር መከላከል ጥናት በዚህ 150 ደቂቃና በ7 በመቶ የክብደት ቅነሳ ግብ ስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል 58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን 31 በመቶ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ተአምር አይጠይቅም። ግፊታችሁ ከ180/110 በላይ በሆነበት ቀን ግን አትጀምሩ፤ ደረት ሲጨንቃችሁም አቁሙ።

ደረጃ 8፦ እንቅልፍ

አብሯችሁ የሚተኛውን ጠይቁ። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በመሀል ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው የእንቅልፍ አፕኒያ ሊኖርበት ይችላል። ግፊትንም፣ ኢንሱሊንንም፣ ልብንም በአንድ ሌሊት የሚጎዳ ነገር ነው።

ወዲያው ወደ ድንገተኛ የሚያስኬዱ

ተኝቶ ትንፋሽ ሲያጥርና ትራስ ደርቦ ለመተኛት መገደድ፣ ሌሊት በመታፈን መንቃት፣ በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ መጨመርና እግር ማበጥ የልብ ድካም ምልክቶች ናቸው፤ ቀጠሮ አይጠበቅባቸውም። የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መያዝ ከመጣ ያንኑ ሰዓት ሂዱ።

መቼ ይደገማል?

ወገብና ክብደት በየወሩ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሚዛን። የቤት ግፊት መድኃኒት በተቀየረ በአራት ሳምንት ውስጥ ለ7 ቀን። ኤዋንሲ በሦስት ወር፤ ከዚያ በፊት መድገም ብር ማባከን ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን ሲጀመር ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይታዩ። ኢኮ ግን በየወሩ የሚነሣ አይደለም። የወፈረ ልብ ለመቅጠን ወራት ይፈልጋልና አዲስ ምልክት ካልመጣ ከዓመት በኋላ ይበቃል። ሲደገም በተቻለ መጠን በዚያው ቦታ ይሁን፣ የድሮውን ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ። በሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች መካከል የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በልኬቱ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ 13 የነበረው 12 ቢሆን ልቡ ተሻሽሎ ይሁን እጅ ተለውጦ አይለይም።